ከሾፌር ጎን አይተኛም

አዋላጇ የጥርስ ብሩሹን አፏ ውስጥ እንዳደረገች ቧንቧውን ዘጋችው። ውሃው ጸጥ ሲል የታላቅ ወንድሟ ድምፅ በመታጠቢያ ቤቱ መስኮት ጥርት ብሎ ገባ። መስኮቱ ሥር ቆሞ በስልክ ያወራል። «አይ አንተ ደግሞ፣ ለእኔ ነው እኮ የምትፈልግልኝ» ይላል። «እሷማ ሥራዋ ደርሳ ትመለስበት እንጂ ምኗ ነው። ቅዳሜና እሑድ ከእጄ አይወጣም።» ትንሽ አዳመጠና ሳቀ። «ወንበር ወንበር ትላለች እንጂ፣ ሰው መኪና ሲገዛ ወንበር ያያል? ከፍ ያለ ይሁን፣ ሲገባ ሰፈሩ ዞር ብሎ የሚያየው። በማን ስም ይሁን የሚለውን ለእኔ ተወው፤ ዝም ብላ ትፈርማለች።»

አረፋው በአገጯ ሲወርድ መስታወቱ ውስጥ ራሷን አየች። ገንዘቡ የእሷ ነው፤ ሰው በተኛበት ሰዓት እየነቃች ያጠራቀመችው። መስኮቱን በርግዳ የሆዷን ብትነግረው ደስ ባላት። ግን ሙያዋ ያስተማራት አንድ ነገር አለ፤ ሰው ሲጮህ አብሮ አለመጮህ። አረፋውን ተፋች፣ አፏን ተጉመጠመጠችና «ቆይ» አለች፣ ለመስታወቱ።

ነገሩ እንዲህ ነው። የምትሠራበት ሆስፒታል በአውራ ጎዳናው ሲኬድ ሲኬድ፣ ማሳው አልቆ፣ የሲሚንቶ ፋብሪካው ታልፎ፣ ሌላ ከተማ ሲደረስ ነው። እስከ ዛሬ የሆስፒታሉ ሰርቪስ ነበር የሚያመላልሳት። ሰርቪሱ አርጅቶ አርጅቶ አንድ ቀን ሐኪም ነርስ ሳይል ሁሉንም አውርዶ ካስገፋ በኋላ፣ ከሰኞ ጀምሮ ይቆማል ተባለ። የማታ ተረኛ ሆኖ የሕዝብ መኪና እጠብቃለሁ ማለት ደግሞ ዘበት ነው። ማትሮኗ፣ የነርሶቹ አለቃ፣ ደግ ሴት ናት፤ በነርሶች ማደሪያ አንድ አልጋ ይዛላታለች። «እስከ ቅዳሜ ማታ እጠብቅሻለሁ፤ ከዚያ ወዲያ ግን ስንቱ እየለመነኝ ባዶ አላሳድረውም» ብላታለች። ያቺ ቅዳሜ ዛሬ ናት። እንግዲህ ወይ መኪና፣ ወይ ማደሪያ። ማደሪያ ከሆነ ደግሞ አባቷ ብቻቸውን ሊቀሩ ነው።

አባቷ ዕድሜ ልካቸውን ተሳቢ መኪና የነዱ ሰው ናቸው። ሰው ሲቀድማቸው እንጂ ሰው ሲቀድሙ ታይተው ስለማያውቁ የሙያ ጓደኞቻቸው «አባ ቀስታ» አሏቸው፤ ስሙም እንደ ልክ ኮት ተስማማቸው። ባለቤታቸው ከሞቱ ወዲህ ከሴት ልጃቸው ጋር በፊት ለፊቱ ቤት ይኖራሉ። ወንድሟ ከነሚስቱ ጓሮ ባለው ቤት ነው። ክፉ ሰው አይደለም፤ ግን አባቱን የሚያየው ሲያልፍ ነው፣ ኮቱን እየቆለፈ። አባ ቀስታ ደግሞ ሁለት ሳህን ካልቀረበ እራት የማይበሉ ሰው ናቸው። ተረኛ በሆነችበት ማታ ያስቀመጠችላቸውን ምግብ ጠዋት ስትመለስ እንደተከደነ ታገኘዋለች። «ረስቼው» ይላሉ። የማደሪያውን ነገር የነገረቻቸው ዕለት ራሳቸውን ነቀነቁና «አልጋው ደህና ከሆነ ሂጂ እንጂ» አሉ። ከዚያ ወደ ሬዲዮናቸው ዞሩ። ሬዲዮኑን ግን አልከፈቱትም። ያንን ያልተከፈተ ሬዲዮ ሲያዳምጡ አይታ ነው መኪና እገዛለሁ ብላ የቆረጠችው።

ቆረጠች ማለት ደግሞ ቆረጠች ነው። ጎንበስ ብሎ ማዋለድ ወገቧን በልቶታል። የገዛችው መኪና የተረፈውን ወገቧን ከጨረሰው ሥራውም መኪናውም ምን ዋጋ አለው? ስለዚህ ሰሞኑን አንድ ነገር ያዘች፤ ቤት ውስጥ ባለው ወንበር ሁሉ ላይ ተራ በተራ፣ ሳትነሳ፣ አንድ አንድ ሰዓት መቀመጥ። የምግብ ጠረጴዛው ወንበር፣ ሶፋው፣ የወንድሟ ሚስት የልብስ ስፌት ወንበር ሳይቀር። የወንድሟ ሚስት አይታት «ምነው እቴ፣ እንቁላል ታቅፈሽ ነው እንዴ?» ብላ ጓሮ ድረስ የሚሰማ ሳቅ ሳቀችባት። እሷም አብራ ሳቀች፤ ግን አልተነሳችም። እንዲህ እያለች ደረሰችበት። ሶፋው ሲቀመጡበት እቅፍ ያደርጋል፣ ቆይቶ ወገብ ይሰብራል። ከሁሉ የተሻለው በረንዳ ላይ ያለው የአባቷ ወንበር ሆነ። ይህ ወንበር ተሳቢው የተሸጠ ዕለት አባ ቀስታ በመፍቻ ፈተው ያስቀሩት የሾፌር ወንበር ነው፤ የእንጨት እግር አስገጥመውለት ማታ ማታ ይቀመጡበታል። ገዢው ወንበር የሌለውን መኪና እንዴት እየነዳ እንደሄደ እስከ ዛሬ ተናግረው አያውቁም። ጠንከር ያለ ነው፣ ወገብ ላይ ደገፍ ያደርጋል። እንግዲህ የምትፈልገውን አወቀች ማለት ነው፤ እንደዚህ ያለ ወንበር ያላት፣ ነዳጅ የማትጠጣ፣ ማሳ መሃል በጨለማ የማታስቆማት መኪና። መልኳ ምንም ይሁን።

ቁርስ ላይ ወንድሟ ገባ። ሽቶ ተቀብቷል። «ዛሬ የመኪና ቀን ነው። አባባ፣ ኮትዎን ይልበሱ፤ ደላላው እየጠበቀን ነው» አለ። አባ ቀስታ ዳቧቸውን ሻይ ውስጥ ነክረው ስለነበር አላምጠው እስኪውጡ ድረስ አልተናገሩም። «ናፍጣ ነው?» አሉ በመጨረሻ።

«ናፍጣ ነው አባባ። እንደ ድሮው ከፍ ብለው ነው የሚቀመጡት።»

ሽማግሌው ዳቧቸውን ደግመው ነከሩ። ቀኝ እጃቸው ከጠረጴዛው በታች ጉልበታቸውን ያሻል፤ እሷ ግን ያን ጊዜ ልብ አላለችውም። የራሷን ነገር ስታመነዥክ ነበር። ሦስት ሰዎች አንዲት ትንሽ ጠረጴዛ ከበው ሦስቱም የዋጡት ነገር አላቸው፤ የሚሰማው ማንኪያው ብርጭቆውን ሲነካ ብቻ ነው። ሲወጡ እንደ ሁልጊዜው በአንዱ ተካፋች ሾለኩ። የግቢው በር ባለ ሁለት ተካፋች ነው፤ ግን አንደኛው ከተዘጋ ቆይቷል፤ ያረጀ የተሳቢ ጎማ ተደግፎበት፣ ማጠፊያውና መቀርቀሪያው ዝጎ። ወንድሟ በጫማው ጫፍ መታ አደረገውና «መኪናው ሲመጣ ይከፈታል፣ አይዞህ» አለው፣ ለበሩ።

የደላላው ግቢ ከጠዋት ጀምሮ መኪና ስለሚታጠብበት ጭቃ ሆኗል። መኪናው ሁሉ ጎማው ዘይት ተቀብቶ፣ ፊቱን ወደ መንገዱ አዙሮ፣ ሊዳር እንደተዘጋጀ ሁሉ ያብለጨልጫል። ደላላው በተናገረ ቁጥር እጁን ደረቱ ላይ የሚያደርግ ሰው ነው። ከመሃል የቆመውን ረጅሙን መኪና እያሳያቸው «ይኼ መኪና አይደለም፣ ወንድም ነው» አለ፣ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ። ዋጋው ሲነገር ወንድሟ ወደ እሷ ዞሮ «የጎደለችውን እኔ እጨምራለሁ» አለ፤ የጎደለችው እሱ እንደሚለው ትንሽ አይደለችም፣ የሚጨምረውም የለውም። ዘሎ ወጣና ከላይ ሆኖ በመስኮቱ ብቅ አለ። «አባባ፣ ይግቡ እስቲ!»

አባ ቀስታ አልገቡም። መኪናውን ዞሩት። ጎማውን በእግራቸው ነካ ነካ አደረጉት፣ ጎንበስ ብለው ሥሩን አዩ፣ ኮፈኑን አስከፈቱ፣ አሸተቱ፣ ደግመው ዞሩት። ደላላው «አያችሁ፣ የሚያውቅ ሰው እንደዚህ ነው የሚያየው» ብሎ አመሰገናቸው። ወንድሟም ደስ አለው። እሷ ግን «እኔ አንድ ሰዓት ልቀመጥበት» አለች።

«ሲስተር፣ ሆቴል መሰለሽ እንዴ?» አለ ደላላው።

«በቀን ሁለት ጊዜ ነው የምቀመጥበት። ዛሬ ብቀመጥበት ምን ይጎድልብሃል?»

ደላላው ወደ ወንድሟ አየ፣ ወንድሟ ወደ ሰማይ አየ። ወጣችና የሾፌሩ ወንበር ላይ ተቀመጠች። ወንበሩ እንደ ሶፋው ነው፤ ዋጥ አደረጋት። እጇን መሪው ላይ አደረገች። ደላላው ሌላ ገዢ መጣለትና ሄደ፤ ወንድሟ ስልኩን እየነካካ ጭቃውን ይዘላል። እሷ ወገቧን እየሰማች ነው፤ የምጥ ሆድ ላይ እጇን አድርጋ እንደምትጠብቀው። ወገቧ ማጉረምረም ሲጀምር ዓይኗ የጎኑን መስታወት አየ። መስታወቱ ውስጥ አባቷ አሉ። ሰው የማያያቸው መስሏቸው የኋላውን በር ከፍተው መያዣውን ጨብጠዋል። ቀኝ እግራቸውን አነሱ። እግሩ መርገጫው ጋ ሳይደርስ ቀረና ወረደ። ደግመው ሞከሩ፤ ከንፈራቸውን ነክሰው ነበር። ከዚያ ግራ ቀኝ አዩ፤ ማንም የለም። ከኪሳቸው መሐረብ አወጡና ያን ያልደረሱበትን መርገጫ አቧራ እንዳለበት ሁሉ ጠረጉት። በሩንም ቀስ ብለው መልሰው ዘጉት። ለካ ጠዋት ጠረጴዛው ሥር ጉልበታቸውን ሲያሹ፣ ለካ ስንት ጊዜ ደረጃ ላይ «አንቺ ቅደሚ» ሲሏት። ዓይኗን ከመስታወቱ አነሳች። ያየችውን አላየሁም ለማለት በልቧ ቃል ገባች።

ሊነዱት ሲወጡ አባ ቀስታ «እኔ እዚህ እጠብቃችኋለሁ፤ ያየሁትን አይቻለሁ» ብለው አሮጌ ጎማ ላይ ተቀመጡ። ጎዳናው ላይ ስትወጣ መኪናው እንደ ፈረስ ነው፣ እውነት ለመናገር ጉልበት አለው። ግን ነፋስ ሲመታው ይወዛወዛል፤ የነዳጁ ቀስት ደግሞ ሰው እያየው እንደሚያፍር ሁሉ ወደ ታች ወደ ታች ይላል። «ጠጪ አይደለም፣ ሞቅ እስኪለው ነው» ይላል ደላላው ከኋላ። ሳይሞቀው ተመለሱ። ስትወርድ ወገቧን ይዛ ነው የወረደችው። ወንድሟን ወደ ጎን ወሰደችውና ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ «አልገዛውም» አለችው።

«ለምን? ወንበር ነው አሁንም?»

«ወንበሩ፣ ነዳጁ፣ ዋጋው። ደግሞ እኔ የምገዛው በስሜ ነው፤ ቅዳሜና እሑድም ከእጄ አይወጣም።»

ፊቱ ደም መሰለ። «ማን ነገረሽ?»

«መስኮቱ።»

በጫማው ጭቃውን ጫረ። ከዚያ እንደመናደድ አለ፤ ሰው ሲያፍር የሚናደደውን ንዴት። «ለእኔ ብቻ ብዬ ይመስልሻል? ለአባባ ጭምር ብዬ ነው! ዕድሜ ልካቸውን ከፍ ብለው የኖሩ ሰው ናቸው። በስተርጅና መሬት ለመሬት ይንፏቀቁ?»

«አባባ አንዴ እንኳ ገብተውበታል?»

«አይተውታል እንጂ! ስንት ጊዜ ዞሩት።»

«አዎ» አለች። «ዞሩት።»

ሊቀጥል ነበር፤ ግን አነጋገሯ ውስጥ አንድ ነገር አስቆመው። ምን እንደሆነ አልገባውም። «እንደፈለግሽ። መንገድ ላይ ስትቆሚ ግን እኔ ጋ እንዳትደውዪ» ብሎ ደላላውን ይዞት ወደ ቢሮው ገባ። እሷ አባቷን ከጎማው ላይ አነሳቻቸው፣ ክንዳቸውን ሳይሆን ኮታቸውን የምታስተካክል መስላ። «ሌላ እንይ አባባ» አለቻቸው። «ወንድምሽስ?» አሉ። «ሥራ አለበት።» ሽማግሌው ወደ ቢሮው በር አዩ፣ ወደ እሷ አዩ፣ ነገሩ ገባቸው። ታክሲ ውስጥም ሆነው እሳቸው በግራ መስኮት፣ እሷ በቀኝ መስኮት ሲያዩ ሄዱ።

የሄዱት እንቅልፌ ጋራዥ ነው። እንቅልፌ ድሮ የአባ ቀስታ ረዳት የነበረ፣ አሁን ጸጉሩ የሸበተ መካኒክ ነው። ጋራዡ ጎዳናው መግቢያ ላይ፣ ከነዳጅ ማደያው ጎን ነው። ሰሞኑን ደውሎላት ነበር፤ መድኃኒት ለማከፋፈል በዚያው በእሷ መንገድ ስትመላለስ የኖረች ሴትዮ ጡረታ ወጥታ መኪናዋን ልትሸጥ ነው ብሎ። ሴትዮዋም እዚያው በር ላይ ቦርሳዋን ጭኗ ላይ አድርጋ ተቀምጣለች። መኪናዋ ትንሽ ናት፤ ቀለሟ እንደ ቀጠነ ሻይ፣ አንድ ጎኗ የተጫረ። «ጭረቱ የእኔ ነው፣ የቤቴ ግንብ ነው። ወንበሯን ግን እንዳትቀይሪው፤ ያን ሁሉ ዓመት ወገቤን የጠበቀችልኝ እሷ ናት» አለቻት። አዋላጇ ወንበሩን በእጇ ጫን ጫን አደረገችው። ጠንከር ያለ ነው።

አባ ቀስታ ግን አልወደዷትም። «ሳጥን ናት» አሉ። «ደግሞ ቤንዚን ናት።»

«አለቃ፣ እርስዎ እኮ ተሳቢ ካልሆነ ሁሉም ሳጥን ነው» አለ እንቅልፌ ከኮፈኑ ሥር። ዘይቱን አየ፣ ሞተሩን አስነስቶ በጥሞና አዳመጠ፣ ከሥሯ ገብቶ ወጣ። «ሞተሯ ጤነኛ ነው። ፍሪሲዮኗ ግን እያለቀ ነው፤ ዘንድሮ ታስቀይሪያለሽ። ይህን ደብቄ አልሸጥልሽም፣ ከዋጋው ይቀነስልሻል።» ሴትዮዋም ራሷን ነቀነቀች። እጁን በጨርቅ እየጠረገ «ሲስተር፣ ስሜን ማን እንዳወጣልኝ ነግሬሽ አውቃለሁ?» አለ። ስንት ጊዜ ነግሯታል። «ንገረኝ» አለችው።

«ልጅ ነኝ፣ ረዳት ነኝ፣ ደክሞኛል። ከጎናቸው ሆኜ ሸለብ አደረገኝ። ከዚያ ምን ልበልሽ፣ መኪናዋ ቆመች። ‹ውረድ› አሉኝ። ወረድኩ። ‹ከፊት ከፊቴ ሂድ› አሉኝ። እኔ በእግሬ፣ እሳቸው ከኋላዬ ያንን የሚያህል ተሳቢ በእርምጃዬ ልክ እየነዱ፣ መብራት ጀርባዬ ላይ! ከኋላችን የተሰለፈው መኪና ክላክስ ያቀልጠዋል። እሳቸው እቴ! ቀስ ብለው።»

«እንቅልፍ ይተላለፋል» አሉ አባ ቀስታ፣ ሳይስቁ። «ከሾፌር ጎን አይተኛም። አለቀ።»

ይህን ሕግ ቤተሰቡም በደንብ ያውቀዋል። ባለቤታቸውን ለመቅበር ልጃቸው በተከራየው መኪና ሩቅ አገር የሄዱ ሌሊት እንኳ፣ ያ ሁሉ ሐዘን ተጭኗቸው፣ እስኪነጋ ድረስ መንገዱን ሲያዩ ነበር። ወንድሟ «ትንሽ ያንቀላፉ አባባ» ብሎ ለምኗቸው ነበር። «አንተ ንዳ» አሉት። ወንድሟ ያችን ሌሊት አይረሳትም። አባቴ በእኔ መንዳት አልተማመነም ብሎ ሆዱ ውስጥ አስቀምጧታል።

ከማደያው ቤንዚኑ አፉ ድረስ እስኪታይ ሞሉት። ሆስፒታል ደርሰው ሲመለሱ ያንኑ ያህል አድርገው ይሞሉታል፤ የጨመረው የጠጣችው ነው፣ ቀስትም ደላላም አያስፈልግም። እንቅልፌ ለሴትዮዋ ዋስ ሆኖ ከኋላ ገባ። አሁን አባ ቀስታ ቀሩ። አዋላጇ መስታወት የምታስተካክል መስላ ፊቷን አዞረች። ሽማግሌው በሩን ከፈቱ፤ መጀመሪያ ተቀመጡ፣ ከዚያ እግራቸውን አንድ በአንድ አስገቡ። በሩን ዘጉ። «እስቲ ትታይ» አሉ። ድምፃቸው ጠዋት ከነበረው ቀለል ብሏል።

ጎዳናው ከሰዓት በኋላ ሰፊ ነው፤ ፀሐይ ከጎን ነው። መጀመሪያ ላይ አባ ቀስታ የሌለ ፍሬን ይረግጡ ነበር። ከባድ መኪና በታየ ቁጥር ቀኝ እግራቸው ወለሉን ጫን ያደርጋል፤ «ቀስ» ይላሉ። ኩርባ ሲመጣ «ቀስ»። ሰው ሲቀድማት «ተይው ይሂድ፣ ቀስ»። እሷ ቀስ ትላለች። እንደ ውድድር ሳይሆን ረጅም ቀን እንደሚጠብቀው ሰው አድርጋ ያዘቻት፤ ማርሹን ሳታስጮህ፣ ርቀት ጠብቃ። መኪናዋ መንገዱን ያዝ አድርጋ ትሄዳለች፤ የጎማው ድምፅ አንድ ዓይነት፣ የሞተሩ ድምፅ አንድ ዓይነት። ወገቧን ጠየቀችው። ወገቧ ዝም አለ። የሲሚንቶ ፋብሪካው ጋ ሲደርሱ አንድ ነገር እንደጎደለ ተሰማት፤ ምን እንደሆነ እስክታውቀው ትንሽ ቆየች። «ቀስ» የሚል ሰው የለም። ተቀየሙኝ አለች በልቧ፣ ልጃቸውን ስላስከፋሁባቸው ነው፣ ሳጥን ውስጥ ስላስገባኋቸው ነው። ልታናግራቸው ስትል እንቅልፌ ከኋላ ትከሻዋን በጣቱ ነካ አደረጋት።

«ሲስተር» አለ በሹክሹክታ። «ዛሬ ማን ነው ወርዶ በእግሩ የሚሄደው?»

ዞር ብላ አየች። አባ ቀስታ ራሳቸውን ወደ መስኮቱ ጣል አድርገው፣ አፋቸውን ትንሽ ከፍተው፣ እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ እንዳደረጉ ተኝተዋል። የሌለ ፍሬን የሚረግጠው እግር ዘና ብሎ ተዘርግቷል። ዓይኗን ወደ መንገዱ መለሰች። መንገዱ ትንሽ ደብዘዝ አለባት፤ በመዳፏ ዓይኗን ጠረገችና ሁለቱንም እጇን መሪው ላይ አደረገች። ከዚያ በኋላ አንዲት ጉድጓድ አልመታችም።

ሆስፒታሉ በር ላይ ስትደርስ እንቅልፌ «ሞተሩን እንዳታጠፊው፤ ሾፌር ሞተር ሲጠፋ ነው የሚነቃው» አላት። ሞተሩን እንደሠራ ትታ ወረደች። መሬት ረግጣ፣ እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ፣ ያ የለመደችው ሕመም እስኪመጣ ቆማ ጠበቀችው። አልመጣም። ማትሮኗ ሥራ ጨርሳ ቦርሳዋን አንግታ በሩ ላይ ደረሰች።

«አልጋውን ለሌላ ስጪው» አለቻት አዋላጇ።

«መኪና ገዛሽ?»

«እየገዛሁ ነው።»

ማትሮኗ ወደ መኪናዋ አጎነበሰች። «ውይ፣ እኚህስ? ምን ሆነው ነው? አልጋ ይምጣላቸው?»

«አባቴ ናቸው። ተኝተው ነው።»

ማትሮኗ የሚያስቅ ነገር ስላልታያት እንቅልፌ ለምን አፉን በእጁ አፍኖ እንደሚንፈራፈር አልገባትም። ሰኞ ማታ ተረኛ መሆኗን አስታውሳት ሄደች።

ሲመለሱ አባ ቀስታ መንገዱን ሙሉ አልነቁም። ማደያው ጋ ደርሳ ሞተሩን ስታጠፋ፣ እንደተባለው፣ ያን ጊዜ ብድግ አሉ። «ምነው ቆምሽ?» አሉ፤ ዓይናቸው ሆስፒታሉን ይፈልጋል።

«ደርሰን ተመለስን አባባ።»

መስኮቱን አዩ፣ ጋራዡን አዩ፣ የኮታቸውን ኮሌታ አስተካከሉ። «አልተኛሁም» አሉ። «ዓይኔን አሳርፌ ነው። ፀሐዩ ነው።»

«ፀሐዩማ ከባድ ነበር አለቃ» አለ እንቅልፌ፣ ፊቱን ወደ ውጭ አዙሮ። የማደያው ሠራተኛ ቤንዚኑን ሊጨምር ቱቦውን ከተተና ወዲያው «ሞላ» አለ። ተሳስቶ መሰላትና «እስከ አፉ» አለችው። «እስከ አፉ ነው እኮ ሲስተር» አለ። ለዚህ ነው ለካ ሴትዮዋ ያን ሁሉ ዘመን የኖረችባት። እዚያው ቆመው በፍሪሲዮኑ ልክ ከዋጋው አስቀነሱ፣ ቀብድ ሰጠች፣ ውሉን ሰኞ ጠዋት ለመጨረስ ተስማሙ። ሴትዮዋ ቁልፉን ስታቀብላት እጇ ላይ ትንሽ አቆየችው፣ ከዚያ ለቀቀችው። እንቅልፌ በዋስነቱ ፈረመ። «እኔን ሳይሆን አለቃን አምና ነው የሰጠችሽ» አለ።

ሰፈር ሲገቡ መብራት መብራት ይላል። ዞር ብሎ ያየ ሰው የለም። ወንድሟ በረንዳው ደረጃ ላይ ቆሟል፤ ኮቱን አውልቋል፣ ሽቶውም በኖ ጠፍቷል። በአንዱ ተካፋች አጮልቆ መኪናዋን ከፊት እስከ ኋላ አያት፤ ለማየት ብዙ አልፈጀበትም። «ይቺ ናት?» አለ። «አባባን በዚች ነው ስታንገላቺያቸው የዋልሽው?»

በአባቷ በኩል ያለው የመኪናዋ በር ተከፈተ። አባ ቀስታ እግራቸውን አንድ በአንድ መሬት ላይ አሳረፉ፣ የበሩን ጫፍ ያዝ አደረጉና፣ ማንም ሳይደግፋቸው፣ ተነስተው ቆሙ። ወንድሟ እግራቸውን አየ። ከዚያ ጉልበታቸውን። ፊቱ ቀስ እያለ ሲለወጥ አየችው፤ ጠዋት ጭቃ ውስጥ «አዎ፣ ዞሩት» ያለችው ነገር አሁን ደረሰበት።

«እንዴት ናት አባባ?» አለ በመጨረሻ፣ በቀጭን ድምፅ።

አባ ቀስታ ወደ መኪናዋ ዞሩ። ጣራዋን በመዳፋቸው ሁለቴ መታ መታ አደረጉ፣ ድሮ ተሳቢያቸውን መንገድ ከመውጣታቸው በፊት እንደሚያደርጉት።

«ተኝቼባታለሁ» አሉ።

ሽማግሌው ደግሞ ልጃቸው ፊት ላይ ያችን የሩቅ ሌሊት ያነበቡ ይመስል ጨመሩ። «ያን ጊዜ ያልተኛሁት የአንተን መንዳት ፈርቼ አልነበረም። እናትህ ከኋላ ነበረች። እሷን ትቼ እንዴት እተኛለሁ።»

ይህን ብለው ወደ በረንዳው አዘገሙ፤ ከወንበራቸው ተቀመጡና ሬዲዮናቸውን ከፈቱ። ዜና ነበር። ወንድሟ የሸሚዙን እጅጌ ሰበሰበ፣ ያንን ያረጀ የተሳቢ ጎማ እያቃሰተ እያንከባለለ ወደ ግንቡ ወሰደው፣ የዛገውን መቀርቀሪያ በተረከዙ መታው፣ በትከሻውም ገፋው። ሚስቱ ከጓሮ ብቅ ብላ «ምነው፣ ለዚች ለትንሿ አንዱ ተካፋች አይበቃትም እንዴ?» አለችው።

«ግቢ አንቺ» አላት። እየጮኸ እየተንቋረረ ሁለተኛውን ተካፋች እስከ ግንቡ ድረስ ከፈተውና፣ እጁን እያወዛወዘ፣ ለተሳቢ መንገድ እንደሚያሳይ ረዳት ወደ ኋላ እያፈገፈገ፣ እህቱን ቀስ፣ ቀስ እያለ አስገባት።